ሁለት መቶ ጊዜ የሞተው ሰው

አስተርጓሚው ተስፋው ሲኒማ ከሚታይበት ነጭ አቡጀዴ ጀርባ ተደፍቶ ተገኘ። ጩቤው በጎድኑ ገብቶ አጥንት ላይ ተቀርቅሮ ነበር፤ ደሙ አቡጀዴውን ከሥር እስከ ጉልበት ድረስ አቅልሞታል። አጠገቡ ተንበርክኮ፣ ጩቤውን በሁለት እጁ መዝዞ፣ እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ የተያዘው ደግሞ ደረሰ ነው፤ የቅኔው መምህር የየኔታ ገብረ ሕይወት አንድ ልጅ። ሲኒማው ሲያልቅ ሸራውን መጠቅለል የሱ ሥራ ነበር።

ይህ የሆነው በ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ቡሬ ላይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጣልያን የእህሉን መጋዘን መስኮት በጆንያ ደፍኖ ሲኒማ ቤት አድርጎት ነበር። ማታማ አገሩ የአርበኛ ነው፤ ማን ደፍሮ ከምሽጉ ይወጣል!

የባንዳዎቹ አለቃ ባሻ ዘሩ ደረሰን በሰደፍ መትቶ ጥርሱን አረገፈለት። የጣልያኑ ካፒቴንም «ነገ እኩለ ቀን፣ ዋርካው ላይ ይሰቀል» ብሎ ፈረደ። ሕዝቡን በጅራፍና በጥይት በተኑት፤ ከተማው ተዘጋ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሳያወራ ነጋ።

የኔታ ዐይነ ስውር ናቸው። ፈንጣጣ በልጅነታቸው ዐይናቸውን ወሰደው፤ እግዜር ግን ቆይቶ ደረሰን ሰጣቸው። ልጁ ዐይናቸው ነው፤ ያለሱ ደጃፋቸውን አያልፉም። ጆሯቸውን ግን ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለ ሌባ ሁሉ ይፈራዋል። እሑድ ማለዳ ሚስታቸው ንግሥቴ እጃቸውን ይዛ ካፒቴኑ ፊት አቀረበቻቸው።

«ባገራችን ደም ሲፈስ አውጫጭኝ ይቀመጣል» አሉት። «ሰዉ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። እስከ እኩለ ቀን ስጠኝ።»

«ገዳይ አለ» አለ ካፒቴኑ በተሰባበረ አማርኛው። «እጁ ደም።»

«ያረደም፣ የታረደውን ያነሣም እጁ ይደማል።»

ካፒቴኑ ተስፋውን ይወደው ነበር፤ ያለሱ በዚህ አገር አፍ የለውም። ሰዓቱን አየና «እኩለ ቀን» ብሎ ለቀቃቸው።

ሬሳው ገና ከመጋዘኑ አልወጣም። የኔታ ተንበርክከው ጣታቸውን ቁስሉ ውስጥ ሲያስገቡ ንግሥቴ ፊቷን አዞረች። ዘበኛው ጩቤውን አቀበላቸው፤ ወገቡ ሰፊ፣ ጫፉ የቆለመመ ነው። የኋላውንም በር ዳሰሱ፤ መወርወሪያው ከውስጥ ተከፍቷል።

መጀመሪያ የተጠራችው ባለ ጠጅ ቤቷ ማሚቱ ናት። ተስፋው ለፋሲካ ሊያገባት ነበር።

«ልጄ፣ ሲኒማውን ንገሪኝ።»

«ሰው ሞቶብኝ ስለ ሲኒማ ይጠይቁኛል?»

«እኔ አላየሁትማ! ንገሪኝ።»

«ያው ሟቹ ነው» አለች።

ሟቹ የሚሉት አንድ የአሜሪካ ተዋናይ ነው። ታሪኩን ተስፋው ከሸራው ጎን ቆሞ ሲያስተረጉም ነግሯቸዋል። የከብት ነጂ ልጅ ነው፤ ሰርከስ ገብቶ በፈረስ ላይ ሲገለባበጥ ወድቆ ጉንጩ ተተለተለ። ሆሊውድ ያንን ጠባሳ አይታ ክፉ ሰው ሆኖ እንዲጫወት ቀጠረችው፤ እሱም ሁለት መቶ ፊልም ሠራ፤ በየፊልሙ ገደሉት። ሰቅለውታል፣ በጥይት በሳስተውታል፣ ባዞ አስበልተውታል። እሱ እቴ፣ ሞቶ አይቀርም! ገላ ቀብራ ያልጠገበችው ሆሊውድ በሳልስቱ ሌላ ፈረስ ላይ ታወጣዋለች። የቡሬ ሴቶች አንድ ዓመት ሙሉ አልቅሰውለታል።

«መጨረሻው ግልቢያ ነው፤ ንግግር የለውም» አለች ማሚቱ። «ተስፋው እንደ ልማዱ ሲጋራ ሊያጨስ ከሸራው ጀርባ ገባ። ሟቹ ተተኮሰበትና ከፈረሱ ወደቀ። እኛም ዋይ አልን። ከዚያ... የኔታ፣ ተነሣ እኮ!»

«ተነሣ?»

«ትከሻውን ነው ለካ የመታው። ተነሥቶ ልጁን አቅፎ ቤቱ ገባ። አፋችንን ይዘን ቀረን፤ ኮሽ ያለ ሰው የለም።» እንባዋ መጣ። «እሱ ሲነሣ የኔው ሞተ።»

«ተስፋውን የሚፈራው ሰው ነበር?»

«ዓርብ ሰክሮ፣ ጠጅ ቤቴ፣ ሰው እየሰማው ‹የተረሸኑት ሦስቱ የፈረስ ቤት አገር ሰዎች አርበኛ አይደሉም፤ አንድ ሰው ለከብታቸው ሲል ነው የጠቆመባቸው፤ ነገ ከሲኒማው በኋላ ለካፒቴኑ እነግረዋለሁ› አለ። ስም አልጠራም።»

«እነማን ሰሙ?»

«ቢሆነኝ ባለ በቅሎው፣ ባሻ ዘሩም።»

ቢሆነኝ ፈረስ ቤት እየተመላለሰ እህል የሚጭን ነጋዴ ነው። ተስፋው አንድ ጊዜ አስገርፎታል።

«አልጠላሁትም ብል ውሸት ነው» አለና የየኔታን እጅ ወስዶ የጀርባውን ሰንበር አስዳሰሳቸው።

«ሲኒማውስ እንዴት ነበር?»

«ኧረ እሱን አያንሡብኝ! ይሞታል ብዬ ተወራርጄ አንድ ገንቦ ጠጅ ተበላሁ። ሁለት መቶ ጊዜ የሞተ ሰው እኔ ስወራረድ ይነሣል?»

ንግሥቴ ያን ቀን የባሏን ጥርስ ያየችው ያኔ ብቻ ነው።

ባሻ ዘሩ ተለምኖ ዘግይቶ መጣ። ገና ከሩቅ፣ በተራመደ ቁጥር፣ ወገቡ ላይ «ኳ፣ ኳ» የሚል ነገር አለ። የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ባሻ፣ የት ተቀምጠህ ነበር?»

«ከፊት። እስኪያልቅ ንቅንቅ አላልሁም።»

«እስቲ መጨረሻውን አጫውተኝ።»

«ምኑን? ተተኮሰበት፣ ከፈረሱ ወደቀ፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ አለቀ።»

«ሞተ?»

«መቼ ሳይሞት ቀርቶ ያውቃል!»

«እውነትህን ነው» አሉ የኔታ፤ ሌላ አልጠየቁም።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ቡሬ ሁሉ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ገመዱ ተንጠልጥሏል። ደረሰ ሣጥን ላይ ቆሟል፤ ሌሊቱን ሲደበድቡት አድረው ፊቱ አብጦ ዐይኖቹ ተከድነዋል። ንግሥቴ «ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። የኔታ ዘንጋቸውን ጨበጡ።

«ካፒቴን» አሉ፣ «ገዳዩ ግልቢያው ሲጀመር ተስፋው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ስለዚህ ሲኒማውን የለመደ ሰው ነው። ወጋው፤ ጩቤው ግን አጥንት ያዘበት። የልጄ ኮቴ ሲመጣ ትቶት በኋላው በር ወጣ። ልጄ ሰውዬውን ላድን ብሎ ጩቤውን መዘዘ።»

«ማን?» አለ ካፒቴኑ።

«ገዳዩ ከሸራው ጀርባ ሆኖ ተኩሱን ሰማ፣ ዋይታውን ሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ያየ እንጂ የሰማ አያውቀውም፤ ሰዉ በድንጋጤ ዝም ብሎ ነበርና።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «የቡሬ ሰው! ሟቹ ትናንት ሞተ?»

«አልሞተም!» አለ አገሩ ሁሉ።

«ባሻ ዘሩ ግን ሞቷል አለኝ።»

ዘሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደረቀበት። «እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል! ይኼ ዕውር በሲኒማ ሊያሰቅለኝ ነው?»

«ልክ ነህ፣ ለገመድ አይበቃም። ጩቤህስ? ስትራመድ ሰገባው ውስጥ ይንኳኳል። ሰው የገዛ ጩቤው በገዛ ሰገባው አይንኳኳም።»

ሁለት ወታደሮች ያዙት። ካፒቴኑ ሰገባውን ነጥቆ ሲገለብጠው አንዲት ቀጭን የሽንኩርት ቢላዋ ወደቀች። የቆለመመውን ባለ ደም ጩቤ ቢከተው፣ ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ገባ።

«ተስፋው ከሲኒማው በኋላ ሊነግርህ ያሰበው ይህን ነው፤ በሐሰት የተረሸኑት የሦስቱ የፈረስ ቤት ሰዎች በሬዎችስ ዛሬ የማን በረት ናቸው?» አሉ የኔታ።

«የሱ!» አለ ቢሆነኝ ብድግ ብሎ። «በዐይኔ አይቻለሁ፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት!»

ዘሩ ወታደሮቹን ጥሎ፣ ቢላዋዋን ከመሬት አፈፍ አድርጎ፣ ወደ የኔታ ጉሮሮ ተወረወረ። ቢሆነኝ በዱላ ክንዱን ሰበረው። ካፒቴኑ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ዘሩ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አፉ ደምና አፈር ሞልቶ፣ እግሩን እያንፈራገጠ ተዘረጋ። ሰዉ ሁሉ ይነሣ እንደሆን የሚጠብቅ ይመስል ዐይኑን ተክሎ አየው።

ባሻ ዘሩ አልተነሣም።

ደረሰን ከሣጥኑ አወረዱት። እየተደናበረ አባቱን ሲፈልግ የኔታ ደረቱን ዳሰሱ፣ የተሰባበረ ፊቱን ዳሰሱ፣ አቅፈውት እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«አባቴ፣ ዐይኔ አልገለጥ አለኝ። መንገዱ አይታየኝም።»

«እኔም አይቼው አላውቅም» አሉ የኔታ። «በል እጄን ያዝ፤ ዛሬ እኔ ልምራህ።»

ዘንጋቸውን ወደፊት እያስቀደሙ፣ ልጃቸውን እየጎተቱ ቁልቁል ወረዱ። ንግሥቴ እንባዋን እየጠረገች ከኋላቸው ተከተለች።