የሚባዙት ኮምፒውተሮች

«መጣ!» ብሎ ግቢው በአንድ አፍ ጮኸ። መብራት መምጣቱ ነው። ሳምሪ ደብተሯን ዴስክ ላይ ጥላ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ በረረች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኖቹን መልሶ ማብራት የእሷ ሥራ ነው። ሁልጊዜ ከመስኮቱ ጥግ ጀምራ በተራ እያበራች ወደ በሩ ትመጣ ነበር። ዛሬ ግን ክፍሉ ውስጥ ማንም አለመኖሩን አየችና ከበሩ ጀመረች። ትናንት ደግሞ ከመሀል ነበር የጀመረችው።

ይሄ ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። እንደ ሳምሪ ቅናት የያዘው ሰው ካልሆነ በቀር ክፋቱን ማንም አያገኘውም።

ነገሩ የተጀመረው ውዳሴ የመጣች ሰሞን ነው። እስከዚያ ድረስ የኮምፒውተር ክበቡ አንደኛ ሳምሪ ነበረች። ቲቸር ሰብስቤ «የኔ ኢንጂነር» የሚሏት እሷን ነበር፤ ኬብል ሲበላሽም የምትጠራው እሷ ነበረች። ከዚያ የዘጠነኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር አንዲት ቀጭን ልጅ በዝውውር መጣች። ብዙም ሳትቆይ ፕሮግራም ጽፋ አሳየች። ፕሮግራሙ ማንም ሳይነግረው ኔትወርኩን ራሱ ያስሳል፤ የተገናኘውን ኮምፒውተር ሁሉ ፈልጎ ይመዘግባል። ቲቸር ሰብስቤ አጨበጨቡ። በክፍለ ከተማው ኤግዚቢሽን ላይ ትምህርት ቤቱን ወክሎ የሚሄደው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ እሱም ውዳሴ ሆነች። «የኔ ኢንጂነር» የሚለውም ስም ወደ እሷ ዞረ። ለሳምሪ የቀረላት ማሽን ማብራት ነው።

ሳምሪ በጣም ቀናች። ለቅናቷ ሌላ ስም ልትሰጠው ሞክራ «ልጅቷ ጉረኛ ናት» ብላ ነበር። ውዳሴ ግን ጉራ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያበግናል።

አንድ ቀን 18 ማዞሪያ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ለመድረስ ስትጣደፍ ማሽኖቹን ከበሩ በኩል ጀምራ አበራች። በማግስቱ የውዳሴ መዝገብ አብጦ ተገኘ፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል። ውዳሴ ግራ ገባት። ለሳምሪ ግን ምክንያቱ ወዲያው ገባት፤ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ራውተር ከቲቸር ሰብስቤ ጋር የተከለችው እሷ ናትና። ራውተሩ ለኮምፒውተሮቹ ቁጥር የሚያድለው ባንክ ቤት ወረፋ እንደሚሰጠው ነው፤ ቀድሞ የበራ ቀድሞ ይወስዳል። መብራት ከጠፋበት ለማን ምን እንደሰጠ ይረሳና እንደገና ከመጀመሪያው ያድላል። የውዳሴ ፕሮግራም ደግሞ ኮምፒውተሩን የሚለየው በስሙና በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተለወጠ ያው ማሽን አዲስ ይመስለውና ደግሞ ይጽፈዋል።

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሳምሪ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ኮልፌ ውስጥ ደግሞ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ የምታበራበትን ተራ ትቀያይር ጀመር።

ዛሬም የመጨረሻውን ማሽን እንዳበራች ውዳሴ ገባች። ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፕሮግራሟን ከፈተች፤ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች መቁጠር ጀመረች።

«አሁንም?» አለች ሳምሪ። የገዛ ድምጿ ቀፈፋት።

«አሁንም! ትናንት አንድ በአንድ አጥፍቼው ነበር እኮ። ይኸው፣ ያው ኮምፒውተር ሁለቴ። የድሮ ትምህርት ቤቴ ወስጄ ስሞክረው አንዴም እንዲህ አላደረገም።»

«እዛ መብራት አይጠፋም ነበር እንዴ?» ሳምሪን ሳታስበው አመለጣት።

«ጄኔሬተር ነበራ። ምነው?»

«ምንም።»

ውዳሴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ሳምሪ፣ እኔ ነገ አልሄድም። ለቲቸር ልነግራቸው ነው። አንቺ ሂጂ።»

«እንዴ! ለምን?»

«ስንት ኮምፒውተር አላችሁ ሲሉኝ የውሸት ላነብላቸው? ሼም ነው አቦ።» ጣቶቿን እያፍተለተለች ቀጠለች። «ደግሞ አንቺ አጠገቤ ስትቆሚ የማውቀውን እንኳ እሳሳታለሁ። ገና ስመጣ ቲቸር ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ሳምሪ የማታውቀው ኬብል የለም።› እንቅልፍ አጥቼ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እንዳትንቂኝ ብዬ ነው።»

ሳምሪ የፈለገችው ነገር ይኸው እጇ ላይ ወደቀ። ደስታው ግን አልመጣም። ስትቀናባት የከረመችው ልጅ ለካ እሷን ስትፈራ ነው የከረመችው። ያም ሆኖ ቅናቱ ብን ብሎ አልጠፋም፤ «ዝም በይ፣ ነገ ያንቺ ነው» ይላታል። ደግሞ ሌላም መንገድ ታያት፦ መፍትሔውን ብቻ መንገር። ውዳሴ ታመሰግናታለች፣ ቲቸር ሰብስቤ ይኮሩባታል፣ ስለ ቀረው ነገር ማንም አያውቅም። እውነት ለመናገር ይሄኛው ከሁሉ ይበልጥ አጓጓት።

ውዳሴ ወደ መምህራን ክፍል ልትሄድ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳምሪ ጠራቻት።

«ቆይ። ለምን እንደሚባዛ አውቃለሁ።»

«እ?»

«ራውተሩ የሚሰጣቸው ቁጥር መብራት ሲጠፋ ይቀያየራል። ኮምፒውተር ሁሉ ግን ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ የራሱ ቁጥር አለው። ፕሮግራምሽ በእሱ ይለያቸው።»

ውዳሴ አፏን በእጇ ያዘች። «ማክ አድራሻ! ወይኔ፣ እንዴት አልታየኝም!» እየሮጠች ተመለሰች። «አንቺ፣ ሕይወቴን እኮ ነው ያተረፍሽው!» ልታቅፋት ሁለት እጇን ዘረጋች።

ሳምሪ የተዘረጉትን እጆች ይዛ ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደቻቸው።

«አትቀፊኝ፤ መጀመሪያ ስሚኝ» አለቻት። «ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ አልጠየቅሽኝም።»