የተቆረጠው ሳቅ

ይሻው የሞተው ረፋድ ላይ ነው። በደብረ ታቦር አሮጌው አዳራሽ፣ ከፊልም ማጫወቻው ክፍል በሚያወርደው የብረት ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ዕድሜው ሰባን ተጠግቶ ነበርና ሁሉም «አዳልጦት ነው» አለ።

ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ግን አልተቻኮለችም። ላይ ፊልሙ አልቆ ማሽኑ ባዶውን ይሽከረከራል። ታች አቧራ ከለበሱት ወንበሮች አንዱ ብቻ ተጠርጓል።

አስከሬኑን ያገኘችው ሕይወት ከባሕር ዳር የመጣች ወጣት ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ናት።

«ጋሽ ይሻው በደርግ ጊዜ በመኪና እየዞሩ ለገበሬው የመንግሥት ፊልም ያሳዩ ነበር» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ይኼኛው ጋፋት ላይ የተነሣው የመሠረተ ትምህርት ፊልም ነው። አስተማሪዋ እትዬ ፈንታነሽ ናቸው። መሀል ላይ ይስቃሉ። ‹አብዮታዊት ሴት እንዲህ አትገለፍጥም፣ ቁረጠው› የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። ጋሽ ይሻው ቆርጠው ቁራጩን አርባ አምስት ዓመት ደበቁት። ፊልሙን ያነሡትም ያስቆረጡትም ሞተዋል። ዛሬ ጠዋት መልሰው ከፊልሙ ጋር ሊቀጥሉት ነበር። እኔም ገና አላየሁት።»

ፈንታነሽ ቤቷ ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች።

«ይሻው የፀሐይ ብርሃን ፊቴ ላይ የሚመልስ መስታወት ይዞ ቆሞ ነበር። አፍንጫውን በጠመኔ ቀባሁትና ሳቅሁ። ጠመኔውን ጥዬ፣ ፊቴን አዙሬ ሄድሁ። ሌላ የማውቀው የለም።»

ባሏ አስናቀ ያኔ ካድሬ ነበር።

«ያንን ፊልም አንበሳሜ ገበያ ድረስ በድምፅ ማጉያ ያስረዳሁ እኔ ነኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «‹አዲሲቱን ኢትዮጵያዊት እዩ!› እል ነበር፣ እጮኛዬን እያሳየሁ።»

«ዛሬ ጠዋት አዳራሹ ሄደው ነበር?»

«ምን ልሠራ? ፊልሙ ሲነሣ ጋፋት አልነበርሁም፣ ካየሁትም አርባ ዓመት አልፎኛል።»

«ይሻውን አይወዱትም ይባላል።»

ፊቱ ጠቆረ። «የሴት ጠመኔ ከመሬት ለቅሞ የደረት ኪሱ የሚከት ወንድ ይታዘንለታል እንጂ ይጠላል?»

ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ ሦስቱንም አዳራሹ ሰብስባ ፊልሙን አስጀመረች። ወጣቷ ፈንታነሽ ሳቀች፤ ዞራ ሄደች። ከጀርባዋ ይሻው ጎንበስ ብሎ ጠመኔውን አነሣ፤ እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈና ኪሱ ከተተው። አሮጊቷ ፈንታነሽ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሻው ፊልም እየሮጠ ክፍሉን ትቶ የሚወርድ ሰው አልነበረም» አለች ጥሩወርቅ። «አንድ ሰው ወንበር ጠርጎ ተቀምጦ አየ፣ ከዚያ ወደ እሱ ወጣ። ማን? ሕይወት ይህን አላየችም። እትዬ ፈንታነሽም ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ቁራጩ ከዛሬ ጠዋት በፊት ለማንም አልታየም። ጋሽ አስናቀ፣ ሲነሣ ካልነበሩ ጠመኔው ኪስ መግባቱን ከየት አወቁ?»

አስናቀ ዓይኑን ከተጠረገው ወንበር ላይ አሸሸ።

«መልሰህ ቁረጠው ብዬ ለመንሁት» አለ። «‹አንዴ በትእዛዝ ቆርጫለሁ፣ ሁለተኛ አልቆርጥም› አለኝ። ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ገፋሁት። አርባ አራት ዓመት አብራኝ ስትኖር ለእኔ እንደዚያ ስቃ አታውቅም!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ፈንታነሽ ቀና ብላ አላየችውም። የሕይወትን እጅ ያዘች።

«ልጄ» አለቻት፣ «ማንም ቁረጪው ቢልሽ፣ እኔም ራሴ ብልሽ፣ እሺ እንዳትዪ።»