የማንጂሪ አንድ ሰዓት ተኩል

ማንጂሪ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ችግኟን ሲገድልባት ነው። ያን ቀን ያለችው እንደዚያ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ገዳይዋ አንቺ ነበርሽ ይላታል።

ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በእግሩ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። ወንዝ ዳር የሚሄድ አለ፤ የአትክልቱን ስፍራ እየዞረ ከጓደኞቹ ጋር ፖለቲካ የሚያላምጥ አለ። ኮረብታው ላይ የሚወጡት ግን ባዶ እጃቸውን አይወጡም። በበጋ ኮረብታው ደርቆ አመድ ስለሚመስል እያንዳንዱ ሰው አንድ ችግኝ ለራሱ ይመርጥና ሁለት ሊትር ውሃ ተሸክሞለት ይወጣል። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ያ ችግኝ ልጁ ማለት ነው።

ማንጂሪም አንዲት የኒም ዛፍ ችግኝ መርጣ ነበር። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው፤ አላገባችም። ቤቷ ቁጭ ብላ የሰው ልብስ ትሰፋለች። በመሀል በመሀሉ ግማሽ ጎናቸው የማይንቀሳቀስ እናቷን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። እንዲህ ከሆነች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ወንድሟ ሙምባይ ይኖራል፤ በበዓል ይደውላል። የራሷ የምትለው ጊዜ ቢኖር ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ያለው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ጎረቤቷ እትዬ ሲንዱ መጥተው ከእናቷ ጋር ይቀመጡላታል። ዳገቱን ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል፣ ወገቧ ይቆረጣል። ግን ያቺ ሰዓት ከምትቀርባት እህል ቢቀርባት ትመርጣለች።

ያን ሰሞን የኒሟ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ማንጂሪ ውሃ አንሷት ነው ብላ ሦስት ሊትር መሸከም ጀመረች። ባሰባት። አንድ ማክሰኞ ጨንቋት ከወትሮው ዘግየት ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን የአውቶቡስ ነጂ ካኪ ሸሚዝ የለበሰ ረጅም ሰው ዓይኑን እያሸ መጣና ሙሉ ጀሪካን ውሃ ኒሟ ላይ ገለበጠ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው ብድግ ብላ።

«ዛፌን እያጠጣሁ።»

«ዛፌን? ይቺን ከኅዳር ጀምሮ የማጠጣት እኔ ነኝ!»

ሰውየው ጀሪካኑን አስቀመጠና አያት። ቀጥሎ ቢጫውን ቅጠል አየ።

«ለዚህ ነዋ...» አለ። «እኔ ደግሞ ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩላት።»

«እኔም።»

ለካ ሦስት ወር ሙሉ ሁለት የደከመ ሰው በየፊናው ውሃ እየተሸከመ ዳገት ሲወጣ የከረመው አንዲት ምስኪን ችግኝ ለማስጠም ኖሯል። ማንጂሪ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ እሷም አታውቀው።

ዲንካር ይባላል። ሌሊት ሌሊት ከሶላፑር ከተማ ፑኔ የሚመላለስ አውቶቡስ ይነዳል። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ የለውም። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤቱ ቢገባ ፀጥታው እንቅልፍ ስለሚነሳው መጀመሪያ ከመናኸሪያው እስከ ኮረብታው አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ ተጉዞ ራሱን ያደክማል።

ችግኟ እንዳትሞት ቀን ተካፈሉ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ የእሱ ሆነ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ የእሷ። እሁድ ኒሟም እነሱም ይረፉ ተባለ። ስምምነቱ ጥሩ ነበር። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ በዚህ ዓይነት ዳግመኛ አይገናኙም።

ረቡዕ ማንጂሪ ባዶ እጇን ኮረብታው ላይ ተገኘች። ቅጠሏ እንዴት እንደሆነ ለማየት ነው አለች። ሐሙስ ደግሞ እሱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት፤ እሱም ለቅጠሏ ነው የመጣው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? በሁለት ወር ውስጥ ኒሟ አረንጓዴ ሆነች፤ ሁለቱ ደግሞ እርስዎ መባባሉን ተዉ። ከአስራ ሁለት ተኩል በኋላ የሚተርፋቸው አስራ አምስት ደቂቃ ናት። በዚያች አስራ አምስት ደቂቃ እሱ ስለ ተሳፋሪዎቹ ያወራላታል፤ ሙሽራውን ሻይ ቤት ረስተው ስለሄዱት ሠርገኞች ሳይቀር። እሷም ስለ እናቷ ምላስ ታጫውተዋለች። ብዙ ጊዜ ግን ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። የደከመ ሰው ከደከመ ሰው ጋር ሲቀመጥ ማውራት አይገደድም።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ እግረ መንገዳቸውን ኮረብታው ሥር ካለችው ጭማቂ ሻጭ ዘንድ ቆሙ። ለስኳር በሽታ ይበጃል የሚባለውን መራራ የቅል ጭማቂ ገዛላት። እሱ የራሱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ፊቱ እንደተጨማደደ፣

«ማንጂሪ፣ ብንጋባስ?» አላት።

ልቧ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ወደቀ። እትዬ ሲንዱ በዋዜማው ማታ ነግረዋት ነበር፤ ናሺክ ከተማ ያለው ልጃቸው ሊወስዳቸው ነው፣ እሁድ ይሄዳሉ። አንድ ሰዓት ተኩሏ ማለቋ ነው። ይህን ሁሉ ልትነግረው ሲገባ ከአፏ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከሰኞ ጀምሮ ኒሟን አንተ ብቻ አጠጣት። እኔ ከእንግዲህ አልመጣም።»

ዲንካር ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። «ባልኩት ነገር ተቀይመሽ ነው?»

አይደለም ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። ግን ያችን ካወጣች የአስራ አንዱ ዓመት እንባ አብሮ ሊወጣ ሆነ፤ እሱን ለመጥረግ ደግሞ ጊዜ የላትም። «ሰዓቴ ደረሰ» አለችና ቁልቁል ሄደች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በእትዬ ሲንዱ ምትክ የሚቀመጥ ሰው ብትፈልግ አጣች። አስራ አንድ ተኩል ሲሆን ሰውነቷ እንደ ልማዱ ይነቃል፤ ተነስታ እናቷን ታገላብጥና ስፌቷ ላይ ታቀረቅራለች። ቢፈልገኝማ መጥቶ አይጠይቀኝም ነበር ወይ ስትል ከረመች። እሱም በበኩሉ፣ ኋላ እንደነገራት፣ ሴትዮዋን አስቀይሜ ደግሞ ደጇ ልቆም ነው ወይ እያለ ራሱን ሲሰድብ ነበር የከረመው።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ዲንካር ነው። ካኪውን እንደለበሰ ከአውቶቡሱ በቀጥታ መምጣቱ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጭማቂ ሻጯ ማታ ወደ ሥራ ስሄድ ነገረችኝ፤ ቤትሽንም ያመለከተችኝ እሷ ናት» አላት። «ትናንት መድኃኒት ልትገዢ ስትወጪ ለምን እንደቀረሽ ነግረሻታል። ለእሷ የነገርሽውን ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

መልሷን አልጠበቀም፤ ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ።

«በይ ውጪ። እስከ አንድ ሰዓት እኔ እቀመጣለሁ።»

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ማነው?»

«አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ ቤታችን ፌርማታ ነው እንዴ?»

«ዛሬ ፌርማታ ነው፣ እማማ።»

ማንጂሪ ሳታስበው ራሷን መንገድ ላይ አገኘችው። ኮረብታውን ወጣች። ኒሟ ደህና ናት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ጉልበትሽን ነው ወይ ልጄ ቢሏት አዎ አለቻቸው። አልቅሳ ሲወጣላት ቆረጠች። ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ ያደረን ሰው የእናቷ ጠባቂ አታደርገውም። ሁለተኛ እንዳይመጣ ትነግረዋለች። ብትወደው አይደል ሸክሟን የማትጭንበት?

ቤት ስትገባ ዲንካር ወንበሩ ላይ አንገቱ ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። እናቷ ግን በደህና ጎናቸው ዞረው ዓይናቸውን እንደተከሉበት ነቅተዋል።

«ቀስ በይ!» አሏት በሹክሹክታ። «ውሃ ጠምቶኝ እንኳ ዝም ብያለሁ። ደክሞታል።»

እናቷ ለሌላ ሰው ድካም ሲያዝኑ ከሰማች አስራ አንድ ዓመት ሆኗል። ውሃ ልትቀዳ ብርጭቆ ስታነሳ ከማሰሮው ጋር ተጋጨና ጮኸ፤ ዲንካር ባነነ። አፍሮ ሸሚዙን ያስተካክል ጀመር።

«ዲንካር» አለችው፤ እናቷ እየሰሙም ቢሆን ልትጨርሰው ፈልጋ። «እኔን ማግባት እናቴን ማግባት ነው። አብረን ኮረብታ እንኳ መውጣት አንችልም፤ አንዳችን እዚህ መቅረት አለብን። አንተ ደግሞ በቅቶሃል። ደክሞሃል።»

«ደክሞኛል» አላት። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደክሞኝ ስገባ፣ ደክሞኛል የምለው ሰው አልነበረኝም።»

ማንጂሪ የቀዳችውን ውሃ ለእናቷ አቀበለች።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ እናቷ ከአልጋቸው። «አሮጊት ጨምሮ የሚያገባ ግን ገና ዛሬ አየሁ። በይ ልጄ፣ ሰውየው በደንብ ሳይነቃ እሺ በዪው።»

ማንጂሪ እሺ አለች።

የመጀመሪያው ዝናብ በገባ ሳምንት ተጋቡ። ወንድሟ በዓል ሳይሆን ደወለ። ሰው ስለ ፍቅራቸው ሲጠይቃት ማንጂሪ የምትለው ብዙ ነገር የላትም። ከባሏ ጋር ጎን ለጎን ኮረብታ የወጣችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በየቀኑ ንጋት አስራ አንድ ተኩል ላይ ግን ደጃፉ ላይ ይገናኛሉ፤ እሱ ጫማውን ሲያወልቅ እሷ የእሷን ታጠልቃለች።

«ደከመህ?» ትለዋለች።

«ደክሞኛል። አንቺስ?»

«እኔም።»

ትከሻው ላይ ግንባሯን ለአፍታ ታሳርፋለች። ከዚያ እሷ ትወጣለች፤ እሱ ይገባል።