የስንብቱ ሰሌዳ

ሟቹ የተገኘው በሥራ ወንበሩ ላይ አንገቱን ወደ ግራ ጥሎ፣ ያንቀላፋ መስሎ ነው። ጥግ ላይ ያለው የጋዝ ምድጃ ሳይለኮስ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲሊንደሩ ባዶውን ቀርቷል። ከፊቱ በቆመ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ሁለት መስመር ተጽፏል። ከመጡት ፖሊሶች ግን አንድም ሊያነበው የቻለ አልነበረም።

መርማሪዋ ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለች። ቀጥ ብለው የቆሙ ዘንጎች፣ በየዘንጉ ላይም የተንጠለጠሉ ቀለበቶችና ጥርሶች ይታዩበታል።

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ፊደል ነው?»

«የየትም አይደለም» አለች የሟቹ እህት ከበሩ ላይ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልኬት ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የመጣችው። «ስለ ሩቅ ፕላኔት የሚያወራ ተከታታይ ፊልም አለ። እዚያ ያሉት ፍጡራን የሚጽፉበት ነው አሉ። ወንድሜ ቀን የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ ትርፍ ጊዜውን ደግሞ በዚህ ፊደል ሥዕል ይሥላል። መሰሎቹ ተሰብስበው ማኅበር አላቸው።»

«መቼ አየሽው ለመጨረሻ ጊዜ?»

ሴትዮዋ ሜትሯን በእጇ ጠቀለለችው። «ትናንት በምሳ ሰዓት ተጣላን። ለሱቄ ሰሌዳ ሥራልኝ ብለው በዚሁ ፊደል ጽፎ አሳየኝ። ‹ሰው የማያነበው ጽሑፍ ምን ያደርግልኛል? በአርባ ዓመትህ አታፍርም? እንዲህ ሆነህ ከምትኖር ብትሞት ይሻልሃል› አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! ዛሬ ጠዋት ልታረቀው መጥቼ በመለዋወጫ ቁልፌ ስከፍት...» ድምፅዋ ተሰበረ። «የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

«ሳይጣራ በራስሽ ላይ አትፍረጂ፣ እህቴ» አለች መርማሪዋ። ለማጽናናት ያህል እንጂ እርግጠኛ ሆና አልነበረም።

በሃያ ዓመት ሥራዋ በቅናት፣ በውርስና በድንበር የተገዳደሉ ሰዎች አይታለች። ቤተሰብ ያላቸው ጎልማሶች ለሌለ አገር ፊደል ሲያጠኑ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ጎረምሳ ቢሆኑ ይቅር ትል ነበር። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ነው ብላ፣ ማኅበርተኞቹን አስጠራች። ሦስት ናቸው፤ ፊደሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው በከተማው የለም።

መጀመሪያ የገባው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጃኬቱ ከአንገት እስከ ወገብ በዚያው ፊደል ተሸፍኗል።

«ምን ይላል ጃኬትህ?»

«‹የሦስቱ ጨረቃዎች ዘበኛ›።»

«ደመወዝ አለው?»

«የለውም» አለ ሾፌሩ በቁም ነገር።

«በብሩሽ ነው የጻፍከው?»

«እኔ? እጄ ይንቀጠቀጣል እኮ። ካርቶን እቆርጥና በላዩ ቀለም እረጫለሁ። ብሩሽ የሟቹ ነገር ነበር። ለዚያም አይደል የፊልሙ ሰዎች እሱን የመረጡት?»

«ለምን መረጡት?»

«አልሰሙም? ለሚቀጥለው ክፍል የቤተ መቅደሱን ግድግዳ እንዲጽፍላቸው ደብዳቤ ልከውለት ነበር። ስሙ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ሊወጣ ነበር!» የሾፌሩ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። መርማሪዋ መቀለዷን ተወችው።

ሁለተኛዋ ፋርማሲስት ናት። ሰሌዳውን አየችና ሳትንተባተብ አነበበችው። «‹ወደ ከዋክብቴ ተመልሻለሁ። ማንም አይጠየቅ›።»

«አንቺስ በብሩሽ ትጽፊያለሽ?»

«ሟቹ ነው ያስተማረኝ። እሱ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጽፈው፣ እኔም እንደዚያው። ሊቁ ግን በየስብሰባው ያሸማቅቀናል። ሊቁ የምንለው ሊቀመንበራችንን ነው። በፕላኔቷ ላይ ፊደል እንደ ተክል ከመሬት ስለሚበቅል ከሥር ወደ ላይ ካልተጻፈ ነውር ነው ይላል። ‹ግድግዳ ቀቢዎች› ነው የሚለን።»

የመርማሪዋ አባት ግድግዳ ቀቢ ነበር። ፊቷን ግን አላጠቆረችም። «እንደ ሕጉ የሚጽፈው ማነው ታዲያ?»

«እሱ ብቻ።»

«ከማኅበርተኞቹ በቅርቡ ከአንቺ የእንቅልፍ ኪኒን የገዛ አለ?»

ፋርማሲስቷ አመነታች። «ሊቁ፣ በሐኪም ማዘዣ። የፊልሙ ሰዎች ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ብሎ።»

ሊቁ የቴክኒክ ሥዕል መምህር ነው። የኮቱ ኪስ ላይ አራት እርሳሶች በቁመታቸው ተደርድረዋል። ወንበሩን በመሐረቡ ጠርጎ ተቀመጠ።

«ሟቹ እጅ ነበረው» አለ፣ «ጭንቅላት ግን አልነበረውም። የሆሄያቱን ታሪክ አንድ ቀን እንኳ አላነበበም። እርስዎም አይገባዎትም፤ አልፈርድብዎትም።»

«የፊልሙ ሰዎች ግን መረጡት።»

«የፊልሙ ሰዎች ፊደሉን ፈጠሩት እንጂ አያውቁትም» አለ ሊቁ።

መርማሪዋ በልቧ ተረተች። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው ጭራሽ የሌለ አገር ሄዶ ነው ያስነጠፈው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው። እህትየው ባዶው ወንበር አጠገብ ቆመች። የስንብቱ ሰሌዳ በማቆሚያው ላይ ነው። ከጎኑ መርማሪዋ ከገበያ ያስነቀለችው፣ ሟቹ የጻፈው የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ተደግፏል።

«ይህ ሰው ራሱን አልገደለም» ብላ ጀመረች። «ጠረጴዛው ላይ በነበረው ፔርሙዝ ውስጥ በቀረው ሻይ የእንቅልፍ ኪኒን ተገኝቷል። እንቅልፍ ሲጥለው ጋዙን ከፍቶ የወጣ ሰው አለ። በሩ ሲሳብ ራሱን ስለሚቆልፍ ቁልፍ አላስፈለገውም።»

«ራሱ ውጦት ቢሆንስ?» አለ ሾፌሩ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፣ ያንን ብሩሽ እስካይ ድረስ። ነጭ ቀለም እንደያዘ በጣሳ ውስጥ በፀጉሩ ቆሞ ደርቋል። የቀሩት አርባ ምናምን ብሩሾች ታጥበው ተሰቅለዋል። በብሩሽ እንጀራውን የሚበላ ሰው ሊሞት ቢነሳ እንኳ ብሩሹን ያጥባል።»

እህትየው ራሷን ነቀነቀች። «መጀመሪያ ብሩሹን፣ ከዚያ እጁን ነበር የሚታጠበው።»

«እንግዲህ ሰሌዳውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ማን? እኔ ያደግኩት ለአባቴ ቀለም ሳማስል ነው። ብሩሽ ቀለም ጠግቦ የሚጀምርበት ቦታ ይወፍራል፣ የሚጨርስበት ይሳሳል። የፀጉር ቤቱን ማስታወቂያ ዳስሱት። ከላይ ወፍራም ነው፣ ወደ ታች ይሳሳል። አሁን ይሄንን ዳስሱ።»

ፋርማሲስቷ ጣቷን በዘንጎቹ ላይ አስኬደች። «ከሥር ነው የተጀመረው» አለችና ሳታስበው ወደ ሊቁ ዞረች።

«ሾፌሩ ብሩሽ አይዝም። ፋርማሲስቷ ከላይ ነው የምትጀምረው። እህቱ ፊደሉን አታውቅም። ከሥር ወደ ላይ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው። ኪኒኑን የገዛውም እሱ ነው። ደብዳቤው እንቅልፍ የነሳውም እሱን ነው። እንኳን ደስ አለህ ሊል የመጣ መስሎ ገባ፣ ሻይ አጠጣው፤ ቀጥሎ የሆነውን ሁላችሁም አያችሁ።»

ሊቁ ፈገግ አለ። «ማንም ሰው እኔን ለማስወንጀል ከሥር ሊጀምር ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ግማሹ ከተማ ይውጣል። ፍርድ ቤት ይህን ይዘው ሲቀርቡ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እውነትዎን ነው» አለች መርማሪዋ በረጅሙ ተንፍሳ። «ማስረጃዬ ስስ ነው። እንግዲህ መዝገቡ ይዘጋል። የፊልሙ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ደውለውልኝ ነበር። የዚህን ሰሌዳ ፎቶ ልኬላቸው አይተው ተደነቁ። ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው ብለው በቤተ መቅደሱ መግቢያ ሊሰቅሉት ነው፣ ከሥሩ የሟቹን ስም ጽፈው።»

ከዚህ ውስጥ አንዱም እውነት አልነበረም። ሊቁ ግን ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«በማን ስም?»

«በሟቹ ነዋ። እንዲህ ያለ እጅ ከእሱ ሌላ ማን አለው?»

«ያ ግድግዳ ቀቢ?» ሊቁ ብድግ አለ። «እነዚህን ቀለበቶች ይዩአቸው! አንዲቷ እንኳ ከልኳ ወጥታለች? እሱ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ዘንግ አቁሞ ያውቃል? ከሥር የሚነሳ፣ ሕይወት ያለው መስመር ነው! ይህን ያህል ሥራ በእሱ ስም...»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሊቁ የተናገረውን ለራሱ ሰማው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ወንበሩን መጥረግ ረሳ።

«አንድ ቀን ብቻ እንደ እሱ ከላይ ጀምረህ ብትጽፍ ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ እርስዎ ማለቱ አሁን አብቅቶ፣ «ማንም አይደርስብህም ነበር። ግን ናቅኸው። ልትገድለው ስትመጣ እንኳ እንደ እሱ ለመጻፍ ተጠየፍክ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሾፌሩ ጃኬቱን አውልቆ በክንዱ ላይ ይዞ ነበር። እህትየው ወደ እነሱ አላየችም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተደገፈ አንድ ሰሌዳ አውጥታ ለፋርማሲስቷ ሰጠቻት።

«ይሄ ነው ያጣላን። ምን ይላል?»

ፋርማሲስቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ መጀመሪያ በልቧ። «‹እህቴ እዚህ አለች። የተቀደደ ሁሉ ይምጣ›።»

ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ዘንጎቹን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰቻቸው። ከላይ ወፍራም ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልወጣላት ልቅሶ ነው። መርማሪዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከሳምንት በኋላ መርማሪዋ እጅጌው የተተረተረ ኮት ይዛ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ስትሄድ ሰሌዳውን ከበሩ በላይ ተሰቅሎ አገኘችው። አንድ መንገደኛ አንጋጦ ያየዋል።

«እናት፣ ይሄ የየት አገር ፊደል ነው?»

«የወንድሜ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ።