«የሉም» በያቸው

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በለንደን ወይዛዝርት ዘንድ፣ ቤት ተቀምጦ «የለችም» ማስባል ውሸት አልነበረም፤ ወግ ነበር። ሌዲ ሚሊሰንትም እንግዳ ሲሰለቻት ፎቅ ላይ ሶፋዋ ላይ ጋደም ትልና ደንገጡሯን ኤዲትን «የሉም በያቸው» ትላታለች። የምትጓጓው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ብቻ ነበር። ያኔ ሞግዚቷ የአምስት ዓመቷን ሮዛመንድን ወደ ሳሎን ታወርድላታለች። እናትና ልጅ በቀን የሚገናኙት ለዚያች አንድ ሰዓት ነው፤ ሌላው ኑሮዋ ሁሉ ኮፍያና ግብዣ ነበር።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ፊቷን በዓይነ ርግብ የሸፈነች ሴት መጥታ ተመለሰች። ማክሰኞም መጣች። ረቡዕ እንግዳይቱ እንደሄደች ሚሊሰንት ወደ ደረጃው ብቅ ብትል፣ ከእርጥብ ካፖርትና ከከሰል ጭስ ሽታ መካከል፣ ከፓሪስ የምታስመጣው የራሷ ሽቶ ከታች ሸተታት። እሷ ግን ያን ቀን ሽቶ አልነካችም።

«ስማቸውን አልነገሩሽም?»

«አልነገሩኝም፣ እመቤቴ። ‹የለችም ካላችሁ ቦታዋ ባዶ ነዋ› ብለው ሳቁ። ድምፃቸው...» አለችና ኤዲት ተወችው።

ሐሙስ ሚሊሰንት ፈራች። ወርዳ ብታነጋግራት ይሻል ነበር፤ ፍርሃት ይሁን ኩራት እንጃ፣ መኝታ ቤቷን ከውስጥ ቆልፋ፣ በበሩ በኩል ኤዲትን «ዛሬም የሉም በያቸው» አለቻት። ደወሉ ጮኸ። ኤዲት የታዘዘችውን ተናገረች። የውጭው በር ተዘጋ፤ በመንገዱ ላይ ግን የሚርቅ እርምጃ አልተሰማም። ይልቁንስ ከታች ከሳሎን የሐር ቀሚስ ሲንኮሻኮሽ፣ ወንበር ሲሳብ፣ የሻይ ማንኪያ ከሲኒ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ቤቱ ጭጭ አለ። ሚሊሰንት ጆሮዋን ጣለች። ደቂቃው አልገፋ አላት። በመጨረሻ የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድን መታ፤ የልጅ እግርም ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሮዛመንድ «እማዬ» ስትል፣ አንዲት ሴት በሚሊሰንት በራሷ ድምፅ «ነይ የኔ ጌጥ» ብላ መለሰችላት።

ሚሊሰንት ከቁልፉ ጋር ታግላ ወጣች፤ በግድግዳው እየተደገፈች ወረደች። ኤዲት ሳሎኑ በር ላይ ቆማለች።

«ልጄ እዚያ ውስጥ ናት» አለቻት። «ክፈቺልኝ ኤዲት፣ እኔ ነኝ።»

ከውስጥ ያ ድምፅ፣ ስልችት ባለው አነጋገር፣ «የሉም በያቸው» አለ።

ኤዲትም ለማታውቀው እንግዳ እንደምታደርገው በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «አዝናለሁ፤ እመቤቴ የሉም» አለቻት።