ከዱባው ቅጠል ሥር

ቃሪያ በቆሎው መሃል በሆዷ ተኝታለች። ላብ አንገቷን ያረጥበዋል፣ ጉንዳን ክርኗ ላይ ይወጣል፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ዓይኗን የጎረቤት ማሳ ጫፍ ላይ፣ የቦዩ መዝጊያ ላይ ተክላለች። ቅጽል ስሟን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ንዴቷ አፍንጫዋ ላይ ስለሆነ።

«ጠብቂልኝ» ብሏት ነበር አባቷ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት። «እኛም በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ነው ውሃ የምናገኘው፤ እነሱም ማክሰኞ። የኛ በቆሎ ቀትር ላይ እንደ ወረቀት ይጠቀለላል፤ የነሱ እንደ ሙሽራ ቆሞ ይስቃል። ይሄ ያለ ስርቆት ይሆናል?»

ቃሪያም መጠርጠር ከጀመረች ሰንብታለች። የጎረቤታቸው ልጅ ድምቡሼ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትሰወራለች። «የሒሳብ ማጠናከሪያ አለኝ» ትላለች። ቃሪያ የሒሳብ አስተማሪውን ስትጠይቀው «የምን ማጠናከሪያ?» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ የድምቡሼ ነገር ሁሉ፣ ሳቋ ሳይቀር ይጎረብጣት ጀመር።

ልክ ቀትር ላይ ድምቡሼ አካፋ ይዛ ብቅ አለች። ግራ ቀኟን አየች። መዝጊያው ጋ ሄዳ ጎንበስ አለች፤ ጀርባዋ ስለከለላት እጇ ምን እንደሚሠራ አይታይም። ቃሪያ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። በደረቷ እየተሳበች ወጥታ ወደ ቤት ሮጠች።

«ከፈተች!» አለች በሩ ላይ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«በዓይንሽ አየሽ?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

«በቃ፣ ነገ የውሃ ተጠቃሚዎች ስብሰባ አለ። ለተራ አስከባሪው ይህንኑ ትነግሪዋለሽ።»

ውሃ የሰረቀ ሰው ለአንድ ወር ተራውን ይነጠቃል። በዚህ ሐሩር አንድ ወር ያለ ውሃ መቆየት ማለት ምርቱን ማጣት እንደሆነ ቃሪያ ታውቃለች። «የእጇን ታግኝ» አለች በሆዷ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ከስብሰባው በፊት፣ ማስረጃ ፍለጋ ወጣች። «አየሁ» ከማለት «ይኸው» ማለት ይሻላላ! ከመዝጊያው ጀምራ የጎረቤቶቹን ቦይ ተከተለች። ትናንት ውሃ ካለፈበት ጭቃ ይኖራል። ጭቃ ግን የለም። ወለሉ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቋል።

«በሌላ በኩል ነው እንግዲህ የሚያሳልፉት» ብላ ማሳው ውስጥ ገባች። እግር ማሳረፊያ የለም። በበቆሎው አገዳ ላይ ቦሎቄ ተጠምጥሟል፤ ከሥር ደግሞ ዱባ መሬቱን አልብሶታል። አንዱን ሰፊ ቅጠል ገለጥ አድርጋ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። ይቀዘቅዛል። ስታወጣው እርጥብ አፈር ተጣብቆበታል። ተሻግራ የራሳቸውን ማሳ ሞከረችው። እዚያ አፈሩ ጥፍሯን እንኳ አላስገባ አላት።

«ምን ጠፋብሽ?»

ድምቡሼ ድንበሩ ላይ ቆማለች።

«ትናንት መዝጊያው ጋ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለቻት ቃሪያ።

«ፌስታል ደፍኖት ነበር፤ አወጣሁት።»

«ውሸታም! ማጠናከሪያ አለኝ አላልሽም?»

ድምቡሼ ከንፈሯን ነከሰች። «እሱን ዋሽቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬን አረም አግዛታለሁ።»

«ይሄ ምን ያስዋሻል? ግራ ቀኝሽንስ ለምን ታያለሽ?»

«አንቺ እንዳታዪኝ ነዋ!» አለች ድምቡሼ። «‹የነድምቡሼ ማሳ የገበያ ዘንቢል የተደፋበት ይመስላል› ብለሽ ክፍሉን ሁሉ ያሳቅሽው ማን ሆነሽ ነው?»

ቃሪያ ጣቷ ላይ የተጣበቀውን አፈር ጠረገች። ያን ቀን ድምቡሼም አብራ የሳቀች መስሏት ነበር።

«እና አፈሩ ለምን ረጠበ?» አለች፤ ጥርጣሬው ገና አልለቀቃትም።

«ቅጠሉ ፀሐይ አያስገባማ። እማዬ ዓምና ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራው ነው። ቦሎቄው ደግሞ አፈሩን ያዳብራል ትላለች። ውሃው እኮ ያው ነው፤ የናንተን ፀሐይ ትጠጣዋለች፣ የኛን ተክሎቹ ይጠጡታል።» ከዚያ ጠየቀች፦ «እማዬን ለስብሰባው ጠርተዋታል። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ቃሪያ።

ስብሰባው የመንደሩ ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር። የቃሪያ አባት ተነሥቶ ክሱን ሲናገር የድምቡሼ እናት «እጄን ይቁረጠው! ጠብታ አልነካሁም!» ብላ ጮኸች።

«ምስክር አለህ?» አለ ተራ አስከባሪው፣ ሽማግሌ ሰውዬ ነው።

«ልጄ ናት።» አባቷ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። «ንገሪያቸው፣ አይዞሽ።»

ድምቡሼ ከእናቷ አጠገብ ሆና አፈጠጠችባት። ጠዋት የሰማችው «አላውቅም» አሁን ገና የገባት ይመስላል።

ቃሪያ ተነሣች። «ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ነበር፣ በደንብ አላየሁም» ብትል አባቷም አያፍርም፣ እሷም አትዋረድም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ልጄ፣ መዝጊያውን ስትከፍት አይተሻል?»

«አላየሁም ጋሼ።»

መጋዘኑ ተንሾካሾከ።

«ታዲያ ለአባትሽ ምን አልሽው?»

«ከፈተች አልኩት።» ምራቋን ዋጠች። «ያላየሁትን ነው አየሁ ያልኩት። ጠዋት ቦያቸውን አይቼዋለሁ፤ ደረቅ ነው። እርጥበቱ ያለው ከዱባው ቅጠል ሥር ነው። ካላመናችሁኝ ኑና እጃችሁን አስገቡበት።»

የአባቷ እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ተራ አስከባሪው ከዘራውን አንሥቶ ወደ ማሳው አመራ፤ ሰዉም እያጉረመረመ ተከተለው። ድምቡሼ በአጠገቧ አለፈች፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

አባቷ ብቻ ከተቀመጠበት አልተነሣም። አንገቱን ደፍቷል። ቃሪያ ወደ በሩ አየች፣ ወደ እሱ አየች። ከዚያ ተመልሳ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አብረን እንየው አባዬ» አለችው።

 እስኪነሣ ድረስ ልትጠብቀው ወሰነች።