ብልቃጥ ውስጥ ያልቀዘቀዘው

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ወሬ የምፈጥርበት ጭንቅላት የለኝም። ያመነ ይመን... ያላመነ ይተወው።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የሐኪም ቤቱ ኮሪደር በሰው ጢም ብሏል።

ታናሽ እህቴ እጢ ልታስወጣ ገብታ ማህፀኗን አጥታ ወጣች። ገና ልጅ ሳትወልድ!

"በስብሶ ነበር" አለኝ ዶክተሩ። ፎርማሊን የሚሉት ማቆያ መድኃኒት በተሞላ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ከቶ ሰጠኝ። "ምርመራ አያስፈልገውም። ቅበሩት።"

እኔ ደግሞ አድርጊ ያሉኝን አድርጌ አላውቅም። በፌስታል አንጠልጥዬ ላብራቶሪ ወሰድኩት።

መንገድ ላይ... ፌስታሉ ጭኔን አሞቀኝ።

የላብራቶሪው ሽማግሌ ብልቃጡን ሲቀበለኝ ደንገጥ አለ።

"እህቴ፣ መቼ ነው የወጣው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ታዲያ... ለምን ይሞቃል?"

"እሱን አንተ መርምረህ ንገረኝ" አልኩት።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርጎ ውጤቱን አነበበልኝ።

"ጤነኛ ነው። አንዳች በሽታ የለበትም።"

የቀረውን ከነብልቃጡ መለሰልኝ።

"ለምርመራ የቆረጥኩበት ቦታ ግን..." አለ በሹክሹክታ፣ "ሽሯል።"

ወረቀቱንም ብልቃጡንም ይዤ ዶክተሩ ቢሮ ዘው አልኩ።

"እናቴ፣ ማንበብ ሳትችዪ የምን ውጤት ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ወረቀቱን ቀደደው። ብልቃጡንም ነጠቀኝ። ማህፀኑን አውጥቶ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሊጥለው ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

"ያዘኝ..."

"ምኑ?"

"እጄን... ሳቢልኝ! እባክሽ!"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"በስብሷል አላልክም? የበሰበሰ ነገር ሰው ይይዛል እንዴ?"

"ጤነኛ ነበር! ተሳስቼ ነው የቆረጥኩት... ጥፋቴን ልደብቅ ብዬ ነው... እናቴ፣ አድኚኝ!"

እህቴ በዚያች ሰዓት አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

"እኔን አትለምነኝ" አልኩት። "የያዘህን ለምነው።"

ወጥቼ በሩን ዘጋሁበት።

ጮኸ... ጮኸና ዝም አለ።

ከፍቼ አየሁ። ክፍሉ ሌላ በር የለውም። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው።

ዶክተሩ የለም።

ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተከድኗል።

ከክዳኑ ሥር የነጭ ጋወን እጅጌ ጫፍ ወጥቶ... ቀስ... ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል።